በነጠላዬ ጫፍ የታሰረው ዘብጥያ

«ሂድ!» አልሁት፤ ሄደ።

ቀይ ቆብ በራሱ፣ ጠመንጃ በትከሻው፣ ዝናር በደረቱ አድርጎ ሄደ። እኔ በግራው በኩል ነኝ። የነጠላዬ ጫፍ ከወገቡ ቀይ መቀነት ጋር ተቋጥሯል። ሲፈጥን እፈጥናለሁ፤ ሲቆም እቆማለሁ። ከሮብ ገበያ እስከ ደብረ ማርቆስ ያለውን ቁልቁለት እንደዚያ ሆነን ወረድነው። ጣሊያን አገሩን ከያዘ ወዲህ ብዙ የታሰረ ሰው በዚያ መንገድ ሲነዳ አይቻለሁ፤ ጠመንጃ የያዘውን አስሮ የነዳ ግን ከእኔ በፊት አላየሁም።

ታረቀ ይባላል። የጎረቤቴ ልጅ ነው። ትንሽ ሳለ እሳት ሊጭር እቤቴ ሲመጣ እጁ ላይ ቂጣ ሳላስይዝ የመለስሁት ቀን የለም። አድጎ ጢም ሲያበቅል ደብረ ማርቆስ ሄዶ ዘብጥያ ሆነ። ዛሬ ልጆቹ ዘብጥያ ሲሉ እስር ቤቱን ነው፤ ያኔ እኛ ዘብጥያ የምንለው ሰውየውን፣ ጠመንጃ የታጠቀውን የጣሊያን ፖሊስ ነበር። ሰውየውም ቤቱም ለእኔ ያው ነው።

ሥራው ምን ነበር ብትሉኝ፣ እናቱ ለጎረቤት መናገር የምታፍርበት ሥራ ነበር። ጠመንጃ ተደብቋል ብሎ የሰው ጎታ ይገለብጣል። ጎልማሳውን ከእርሻው ነቅሎ ለመኪና መንገድ ድንጋይ ሊያስፈልጥ ይነዳል። ገበያ መሐል ይገተርና ሁለት ሰው ቆሞ ካወራ «ምን ትማከራላችሁ?» ይላል። የታሰረ ይጠብቃል። የሚሰቀል ሲኖር ገመዱን የሚስበው እሱ ነው፤ ነጩ ገመድ አይነካም፣ እጁ ይቆሽሻላ! ከላይ ካፒታኖ የሚሉት ሻምበላቸው ከጥቂት ነጫጮች ጋር አለ። ከእሱ ዝቅ ብሎ ከመረብ ማዶ የመጡ፣ ሹምባሽ የሚባሉ አለቆች አሉ፤ ከሁሉ ሥር የእኛው ልጆች። ላይኛው ያዛል፣ መካከለኛው ይጮኻል፤ ጀርባዬ ላይ የሚያርፈው ጅራፍ ግን በጎረቤቴ ልጅ እጅ ነው። ሥልጣኔ አመጡልን የሚል ሰው ዛሬም ይገጥመኛል። መንገድ ሠሩ ይለኛል። ማን ሠራው? እነሱማ ጃንጥላ ይዘው ቆመው ነበር!

ወደ ነገሬ ልመለስ። ባለቤቴ በላቸው አንድ ውጅግራ ጠመንጃ ነበረው፤ ሰደፉ ተሰንጥቆ በበሬ ቆዳ የተጠፈረ። መሣሪያ ያለው ያስረክብ፣ የደበቀ ይሰቀላል ተብሎ በተለፈፈ ጊዜ በላቸው ሳይወድ በግዱ አውጥቶ ሰጠ። የተቀበለው ታረቀ ነው። በደጃፌ፣ ዓይኔ እያየ። ጠመንጃውን ከባለቤቴ እጅ ሲወስድ እንኳ «ጋሼ በላቸው፣ አይዘኑብኝ፤ ታዝዤ ነው» ብሎ ነበር።

ከዚያስ? ውጅግራውን ይዞ ሄዶ «ከሽፍታ ጋር ጫካ ውስጥ ተታኩሼ ማረክሁ» ብሎ ለካፒታኖው አስረከበ። ለጀግንነቱ ክንዱ ላይ ቀይ ምልክት ተሰፋለትና ሙንታዝ ተባለ፤ የጥቂት ዘብጥያዎች አለቃ ማለት ነው። ሰነባብቶ አንድ ጆሮ ጠቢ በላቸው መሣሪያ እንደነበረው ተናገረ። በላቸውን ያዙት።

«ጠመንጃህ የታለ?»

«አስረክቤያለሁ።»

«ለማን?»

«ለታረቀ።»

ታረቀ «አልተቀበልሁም» አለ። በዚያው አለቀ። እውነቱን ቢናገር ምልክቱ ከክንዱ ይነቀላላ! ሮብ ዕለት ገበያው ደምቆ ሳለ ከሹምባሹ ጋር መጣና፣ መሣሪያ የደበቀው በላቸው ለቅዳሜ ገበያ ደብረ ማርቆስ ላይ ይሰቀላል ብሎ ለፈፈ። የለፈፈው ራሱ ታረቀ ነው። ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ወንዶቹ ሁሉ መሬት መሬት ያያሉ። የታረቀ እናት ነጭ ሽንኩርት ዘርግታ ተቀምጣ ነበር፤ ልጇን ቀና ብላ አየችውና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። እኔ ገብሴን እዚያው ጥዬ ተነሣሁ። ታረቀ ፊቱን አዙሮ ሊሄድ ነው።

«ታረቀ! በሕግ አምላክ ቁም!»

ቆመ። አንድ እግሩን አንሥቶ ነበር፤ እንዳነሣው ቆመ።

ይህን ቃል በእኛ አገር ሰምቶ የሚያልፍ የለም። ባላባትም ቢሆን፣ ቀማኛም ቢሆን፣ የተጠራ ይቆማል። ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ይቋጠሩና እንደ ተቋጠሩ ዳኛ ፊት ይሄዳሉ። ቋጠሮውን የሚፈታው ዳኛው ነው፤ በመንገድ የፈታ ተረታ ማለት ነው። ታረቀ ያን ከጡት ጋር ጠብቶታል። ጣሊያን ቆቡን ሲያለብሰው ራሱን ሸፈነለት እንጂ እግሩን አልለወጠለትም።

ቆይቶ ነው ማን እንደሆነ ትዝ ያለው። «እኔ የመንግሥት ሰው ነኝ!» አለ።

«የየትኛው መንግሥት?» አልሁት።

ገበያው ሳቀ። እኔ ደረስሁበትና የምቋጥርበት ጋቢ ብፈልግ ለካስ ሰውየው የጣሊያን እጀ ጠባብ ነው የለበሰው! ያ ቀይ መቀነቱ ብቻ ወገቡ ላይ ተንጠልጥሏል። የነጠላዬን ጫፍ ከእሱ ጋር አጠበቅሁት። ታረቀ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደና በቅሎ ላይ ወደተቀመጠው ሹምባሽ ዞረ። ሹምባሽ ኃይለ ሚካኤል ይባላል፤ ከመረብ ማዶ ነው፣ ከደጋው፤ የአባቱም አገር ያንኑ ሕግ ያውቃል።

«ጌታዬ፣ ልምታት?» አለው ታረቀ።

ሹምባሹ ሪዙን እያሻሸ አየው። «በሕግ አምላክ ብትልህ ቆመሃል። ከቆምህ በኋላ ነው የምትጠይቀኝ? ሂድ!»

«ካፒታኖው ምን ይለናል?»

«እሱን ካፒታኖውን ጠይቀው። ዳኛ ነኝ ይል የለ!»

ታረቀ አሁንም እግሩ አልላወስ አለ። ያኔ ነው «ሂድ!» ያልሁት።

ሹምባሹ በበቅሎው ከኋላ ከኋላ ይከተለናል። ገብስ የሚያጭዱ ሰዎች ማጭዳቸውን እንደያዙ ቀና ይላሉ። አንድ ሽማግሌ ወደ መንገዱ ወጣ።

«ከሳሽ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ተከሳሹስ?»

«ይኸ ቀዩ።»

ሽማግሌው ታረቀን ከቆቡ እስከ እግሩ አየው፤ ሹምባሹንም አየ። «እሰይ፣ እንዲህ ያለ ቀንም ይመጣል ለካ! ሂዱ፣ ሐቅ ያለው ይርታ» አለና ከመንገድ ገለል አለልን። ታረቀ አንገቱን ቀበረ።

ትንሽ ሄድ እንዳልን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይለምነኝ ጀመር።

«እታለም፣ ከተማው ስንደርስ ፍቺኝ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል።»

«በላቸው ሲሰቀልስ ማን ይሳቅበት?»

«እኔ አላሰርሁትም። ካፒታኖው ነው ያሰረው።»

«ውጅግራውንም ከደጃፌ የወሰደው ካፒታኖው ነው?»

«ዋሽቶ ሙንታዝ ሆነ ቢባል እንደ ውሻ ነው የሚገርፉኝ» አለ።

«ሰምተኸኛል ታረቀ? አንተ ትገረፋለህ፤ እሱ ይሰቀላል። የተገረፈ ጀርባ ይድናል። አንገት ሲድን ያየኸው የት ነው?»

«ብፈታው ምን ታደርጊኛለሽ?»

«ፍታዋ! እናትህ በየገበያው ‹የዚያ ሕግ ፈትቶ የሮጠው እናት› ትባል። ፍታ።»

እጁን ወደ ቋጠሮው ሰድዶ ነበር፤ መለሰው። ወንዙን ስንሻገር ድንጋዩ አዳለጠው፤ ወደ ውሃው ሲዘም ነጠላዬ ተወጥሮ ያዘው። «አየህ፣ እኔ ባላስርህ ኖሮ ወድቀህ ነበር» አልሁት። አልሳቀም። ሹምባሹ ግን ከኋላችን ሲስቅ ሰማሁት።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስን። የካፒታኖው ግቢ ከኮረብታው ላይ ነው፤ አንድ ወገን መኖሪያው፣ አንድ ወገን እስር ቤቱ፣ መካከሉ ባንዲራ የሚሰቀልበት ሜዳ። ዘብጥያዎቹ ባንዲራ ሊያወርዱ ተሰልፈዋል። ከደምበጫም፣ ከደብረ ወርቅም፣ ከእኛም አገር የተለቀሙ ናቸው። እንዲያ ተቋጥረን ስንገባ ሰልፉ ተናጋ። አንዱ «ሙንታዝ ታረቀ ተማረከ!» ሲል ሌሎቹ አፋቸውን ያዙ።

ካፒታኖው በረንዳው ላይ ቆዳ ወንበር ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ አስተርጓሚው አብዱልቃኒ ቆሟል፤ የደብረ ማርቆስ የሱቅ ነጋዴ ልጅ ነው፣ ለንግድ ምጽዋ ሲመላለስ ቋንቋውን የለቀመ።

«ምንድን ነው ይኸ? ሠርግ ነው?» አለ ካፒታኖው በአብዱልቃኒ አፍ። ነጫጮቹ ሳቁ።

«ለሠርግ ቢሆንማ መልክ አይቼ እመርጥ ነበር በለው» አልሁ።

አብዱልቃኒ ነገረው። ካፒታኖውም ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እንደ ሥርዓቱ ቆሜ ነገሬን አቀረብሁ፤ ባለቤቴ ጠመንጃውን ለዚህ ሰው እንዳስረከበ፣ ይኸ ሰው እንደ ካደ፣ ቅዳሜ ያለ ጥፋቱ ሊሰቀል እንደሆነ። «ዳኛ ነኝ ብለህ በሰው አገር ተቀምጠሃል፤ እንግዲያውስ ዳኘኝ» አልሁት። አብዱልቃኒ «በሰው አገር» ያልሁትን ዋጠው መሰለኝ፣ ካፒታኖው አልተቆጣም።

«የእኔ ዘብጥያ አይዋሽም» አለ። «ባንዲራው ሥር ይማል፤ ነገሩ ይለቅ።»

ታረቀ ወደ ባንዲራው ሄደ፤ እኔም ተከትዬ፣ ምን ላድርግ፣ ታስሬያለሁ። ዝቅ አድርገውለት ጨርቁን ይዞ «በባንዲራው እምላለሁ፣ ጠመንጃ አልተቀበልሁም» አለ። ውሃ እንደሚጠጣ ሰው ቀለለው! ጉሮሮውን እንኳ አልከረከረውም።

«ተጨረሰ» አለ ካፒታኖው። «ሴትዮዋን ፈትታችሁ አስወጡ።»

በዚህ ጊዜ ነው ደሜ የፈላው። ባለቤቴን በጨርቅ መሐላ ሊገድሉት ነው!

«ይኸ መሐላ ነው?» ብዬ ጮኽሁ። «የማታምንበትን ጨርቅ ይዘህ? አንተ ታረቀ፣ አባትህ እንዳስተማረህ ማል! ጃንሆይ ይሙት በል!»

በዚያ ግቢ የጃንሆይን ስም ያነሣ ሰው ይሰቀል ነበር። ቃሉንም ሁላችን እናውቀዋለን። ጃንሆይ ይሙት ማለት፣ ዋሽቼ እንደሆነ ንጉሤ ይሙትብኝ ማለት ነው። የምትሳሳለትን ሰው ነፍስ ነው የምታስይዘው፤ የጠላኸውን ሰው ማን በመያዣ ይቀበልሃል? እንግዲህ በጣሊያን ባንዲራ ሥር እንዲህ ብሎ መማል፣ ንጉሤ አሁንም እሱ ነው ብሎ መናገር ነው።

«ምን አለች?» አለ ካፒታኖው።

አብዱልቃኒ ዓይኔን አየኝ። ግንባሩ አብረቀረቀ። እንዲያ ብላለች ቢል እኔ እሰቀላለሁ፤ ደብቆ ቢያዝ እሱ ይሰቀላል፣ ከነጫጮቹ አንዱ አማርኛ ይቀማምሳል ይባል ነበርና። ጉሮሮውን ጠረገ።

«‹ንጉሡ ይሙት በል› ትለዋለች፣ ጌታዬ።»

ቃል በቃል! አንዲት ፊደል አልጨመረም፣ አንዲት አልቀነሰም።

ካፒታኖው ከወንበሩ ተነሣ። «ብራቫ!» ብሎ ጭኑን መታ። ለነጫጮቹ አንድ ነገር ሲነግራቸው እነሱም አጨበጨቡልኝ። እንዲህ ያለች ታማኝ ሴት በዚህ አገር አይቼ አላውቅም አለ አሉ። እኔን! ከዚያ ወደ ታረቀ ዞረ። «በል እንጂ! እንደምትልህ በል!»

ሹምባሽ ኃይለ ሚካኤል ዞር ብሎ የበቅሎውን ጆሮ ይመረምር ጀመር። ትከሻው ብቻ ይንቀጠቀጣል።

«ጌታዬ... በባንዲራው ምያለሁ እኮ» አለ ታረቀ።

የካፒታኖው ሳቅ ጠፋ። «የሸሸው ንጉሥህ ይሙት ማለት ለምን ከበደህ? አሁንም የእሱ ሰው ነህ?» እጁ ወደ ሽጉጡ ሄደ።

ታረቀ አሁን የት ይግባ? አልልም ቢል ካፒታኖው ይገድለዋል። ብሎ ቢዋሽ ደግሞ ተሰልፈው የቆሙት ሁሉ የአገሩ ልጆች ናቸው፤ ካፒታኖው ያልገባው ለእነሱ ገብቷቸዋል፤ ሁሉም አፍ አፉን ያዩታል። በጃንሆይ በሐሰት የማለ ሰው ማን አብሮት ይበላል? ማን ልጁን ይድርለታል? ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ እሳት ሊጭር የሚመጣው የዚያ ልጅ ዓይን ሆነ። እኔ ግን አልራራሁም። ቅዳሜ ቀርቦ ነበር።

«ጃንሆይ ይሙት!» አለ።

ካፒታኖው አጨበጨበ። ከእስር ቤቱ ውስጥ፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ ጉርምርምታ ተነሣ። ያን ቃል በዚያ ግቢ ሰምተውት አያውቁማ።

«ጃንሆይ ይሙት፣ ምን?» አልሁት ድምፄን ዝቅ አድርጌ። «ጨርሰው።»

«ጃንሆይ ይሙት... የጋሼ በላቸውን ጠመንጃ ከደጃፉ ተቀብያለሁ። ከሽፍታ አልማረክሁትም። ተኩስም አልነበረም።»

አብዱልቃኒ ያንንም ቃል በቃል ተረጎመው፤ በዚህኛው ጊዜ ሳይላብ። የካፒታኖው ፊት እንደ ታረቀ ቆብ ቀላ። ያንን የጫካ ውጊያ ለበላዮቹ አውርቶ ተመስግኖበት ኖሯል! በላቸውን አስጠራው። ባለቤቴ እግረ ሙቁን እየጎተተ ወጣ፤ እኔን ከዘብጥያ ጋር ተቋጥሬ ሲያየኝ «ደግሞ አንቺን ምን አድርገሽ አሰሩሽ?» አለኝ።

«እኔ ነኝ ያሰርሁት» አልሁት።

ጠመንጃህ ምን ምልክት አለው ቢሉት «ሰደፉ በበሬ ቆዳ የተጠፈረ ነው» አለ። ከመሣሪያው ክፍል አወጡት፤ ጠፍሩ እንዳለ ነው። ካፒታኖው የታረቀን ምልክት በገዛ እጁ ከክንዱ ቦጨቀው፤ ግርፋትም አዘዘበት። የባለቤቴን እግረ ሙቅ አስፈታ። ከዚያ መቀነቱንም ሊነጥቅ ሲል ነጠላዬ አብሮ ተጎተተ። ቢላ አምጡ አለ።

«በሕግ አምላክ!» አልሁ። «ዳኛ ቋጠሮ በእጁ ይፈታል እንጂ አይቆርጥም!»

ሹምባሹ ጠጋ ብሎ በቋንቋቸው ለስለስ አድርጎ አስረዳው። ካፒታኖው ትከሻውን ነቀነቀና ጎንበስ አለ። ቋጠሮው የወንዝ ውሃ ጠጥቶ ጠጥሯል። በጥፍሩ ታገለው፤ ላቡ ነጠላዬ ላይ ተንጠባጠበ። ያ ሁሉ ዘብጥያ ተሰልፎ እያየ፣ ካፒታኖው ወገቤ አጠገብ አጎንብሶ ቆየ። አልረዳሁትም። ሲፈታ መቀነቱን ሰጠኝ፤ ለታማኝነትሽ ነው አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ አላልሁም። በማግስቱ ጥጃ አሰርሁበት።

በላቸው ብዙም ሳይቆይ ወደ ጮቄ ተራራ ወጥቶ ከአርበኞቹ ተቀላቀለ። ሲመለስ ጢሙ ደረቱ ላይ ደርሶ፣ ወገቡ ውስጥ ያልወጣች ጥይት ይዞ ነበር። ጃንሆይም ተመለሱ። ያኔ ታረቀ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ለአዲሶቹ ሹሞች ቀርቦ «በጠላት ግቢ፣ በጠላት ባንዲራ ሥር፣ ጃንሆይ ይሙት ብዬ የማልሁ እኔ ነኝ፤ ጀርባዬን ተገርፌበታለሁ!» አለ። ምስክር አለህ ቢሉት ያ ሁሉ ዘብጥያ መሰከረለት። ውሸት አይደለም። እሱ ነው የሚያንገበግበኝ! አዲስ ካኪ አለበሱት፤ አዲስ ቆብ፣ አዲስ ጠመንጃ ሰጡት። ሥራውም ያው፤ ገበያ መሐል ተገትሮ «ምን ትማከራላችሁ?» ማለት። በላቸው ከዚያች ከወገቡ ጥይት በቀር ማንም ምንም አልሰጠው።

አንድ ሮብ ገበያ ላይ አየሁት። ደረቱን ነፍቶ፣ ጫማ ተጫምቶ፣ አንዲት ድሃ እየገፈተረ ያልፋል።

«ታረቀ! በሕግ አምላክ!»

ቆመ። አንድ እግሩ እንደተነሣ። ሕዝቡ ዞረ። እኔ ቀስ ብዬ ተራምጄ፣ የነጠላዬን ጫፍ ይዤ፣ ፊቱ ቆምሁ። አዲሱን ቀበቶውን አየሁት፤ እሱም ነጠላዬን አየ።

«ምን አጠፋሁ፣ እታለም?» አለኝ።

«መቆምህን ላይ ብዬ ነው» አልሁት።

ያቺ የተገፈተረችው ሴት እንስራዋን አንሥታ እስክታልፍ ድረስ ከፊቱ አልተነሣሁም። ከዚያ «ሂድ!» አልሁት፤ ሄደ።